የፈረስ ጉልበት ሚዛን

አየርን ወደ ሞተር አስገድዶ በሚያስገባ ማናፊያ፣ በሱፐርቻርጀር፣ የጎለበተ የመንገድ መኪና ተሠርቶ ሲያልቅ፣ አስፋልት ከመርገጡ በፊት የሚገባበት አንድ ክፍል አለ። እዚያ መኪናው በወፍራም ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ይታሰራል። የኋላ ጎማዎቹ ወለሉ ውስጥ በተቀበረ ከባድ ከበሮ ላይ ያርፋሉ፤ ከፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ይቆማል፤ በጢስ ማውጫው ውስጥ ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ይገባል። ከዚያ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ በአራተኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ገደማ ይነሣና ሞተሩ እስከሚችለው ጫፍ ድረስ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል። ነገሩ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። መኪናው አንድ ስንዝር ሳይራመድ የጉልበቱ መስመር በኮምፒዩተሩ ላይ ተሥሎ ይታያል። መሣሪያው ዳይኖ ይባላል። መካኒኮቻችን ባትሪ የሚሞላውን ዕቃ ከሚጠሩበት «ዲናሞ» ጋር አንድ የግሪክ ሥር አላቸው፤ ሁለቱም ኃይል ከሚል ቃል የመጡ ናቸው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው፦ ዲናሞ ጉልበትን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ዳይኖ ጉልበትን ይመዝናል።

ስለ ዳይኖ የሚነገረው ሁሉ በአንድ ቁጥር ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ይህ መኪና 500 አወጣ፣ ያኛው 700 አወጣ ይባላል። የመሣሪያው ታሪክ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይወጣል። የፈረስ ጉልበት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የንጽጽር ቃል ነው፤ ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ ይላላል። ሻጭ ለገዢ የገባው ቃል በቁጥር ተጽፎ በኖረባቸው ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ፣ ቁጥሩ ከእውነቱ በራቀ ቁጥር የሚመልሰው አዲስ ሚዛን ተፈልጓል። ጎማን የሚመዝነው ዳይኖ ከሚዛኖቹ ሁሉ በጣም ትክክለኛው አይደለም። ትልቅነቱ ምስክርነቱን ከፋብሪካው እጅ አውጥቶ ለባለመኪናው መስጠቱ ነው። ዘመኖቹንም በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ እንደ ተቆጠሩት፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እከተላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በገንዘብ ነው። ጄምስ ዋት ማዕድን ማውጫዎች ውኃ የሚስቡበትን የእንፋሎት ሞተር አሻሽሎ ሲሸጥ ክፍያው የሚታሰበው በተረፈ ከሰል ነበር፤ ከድሮው የኒውኮመን ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከተቆጠበው ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛው ለዋትና ለሸሪኩ ለቦልተን ይገባል። ወፍጮና ቢራ ጠማቂ ቤቶች ሲመጡ ይህ ስሌት አልሠራም። እነዚህ ድሮውንም መሣሪያቸውን የሚያዞሩት በፈረስ ስለነበር የሚያነጻጽሩት ከሰል የላቸውም። ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሞተር ስንት ፈረስ ይተካልኛል? ሞተርን በፈረስ መቁጠር የዋት ፈጠራ አልነበረም፤ ቶማስ ሴቨሪ በ1702 ይህንኑ ንጽጽር በጽሑፍ አስፍሯል። ዋት የጨመረው ልኩን ነው። የወፍጮ ፈረስ 12 ጫማ ራዲየስ ባለው ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ሲዞር፣ በ180 ፓውንድ ኃይል ይጎትታል ብሎ ገመተ። ይህ በደቂቃ 32,572 ጫማ-ፓውንድ ይሆናል። አጠጋግቶ 33,000 አደረገው፤ ዛሬም ያው ነው፤ በእኛ ዘመን መለኪያ 746 ዋት ገደማ።

የዋት ፈረስ በጣም ብርቱ ፈረስ እንደሆነ መታወቅ አለበት። በዘመኑ የታወቀው መሐንዲስ ጆን ስሚተን ለአንድ ፈረስ የሰጠው ግምት ከ23,000 ጫማ-ፓውንድ በታች ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ በዋት ልክ የሚሠራ ፈረስ ማግኘት ከባድ ነው። ይህንን የሒሳብ ስህተት ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን እንደ ነጋዴ ጥበብ አየዋለሁ። አሥር ፈረስ የተባለ ሞተር የገዛ ባለ ወፍጮ አሥር ፈረሶቹን አሰናብቶ ሥራው ሲጎድልበት አይገኝም፤ እንዲያውም ይተርፈዋል። ሻጩ ከራሱ ላይ ቀንሶ ቃል ገባ፤ ገዢውም ሚዛን ሳያስፈልገው አመነው። በኋላ የመጡት መኪና ሠሪዎች ይህንን ልማድ ገልብጠው ሲይዙት ነው ችግሩ የመጣው።

ሚዛኑ ራሱ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ጋስፓር ደ ፕሮኒ የተባለው መሐንዲስ በ1821 የሠራው መሣሪያ ማንም አናጢ የሚገባው ዓይነት ነበር። በሞተሩ ዘንግ ላይ ባለው ጎማ ዙሪያ ሁለት እንጨቶች በብሎን ይጠበቃሉ፤ እንጨቶቹ ከዘንጉ ጋር አብረው ሊዞሩ ሲታገሉ፣ ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ረጅም ክንድ ጫፉ ላይ በተንጠለጠለ ክብደት ይያዛል። ክብደቱን በክንዱ ርዝመት ማባዛት ቶርክ የሚባለውን የማዞር ኃይል ይሰጣል። በዙሩ ፍጥነት ሲባዛ ደግሞ ጉልበት ይሆናል። ዛሬ በእንግሊዝ መለኪያ ለሚሠሩ ሁሉ የታወቀው ስሌት፣ ቶርክን በዙር አባዝቶ ለ5,252 ማካፈል፣ ከዋት 33,000 የወጣ ነው። የፕሮኒ እንጨት ግን ይቃጠላል፤ ትልቅ ሞተርን ረጅም ጊዜ መያዝ አይችልም። ይህንን በ1877 የፈታው እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ ነው። የጦር መርከብ ሞተር ለመመዘን እንጨቱን በውኃ ተካው፤ የሚሽከረከር ጎድጓዳ ጎማ ውኃን በቆመ ጎድጓዳ ላይ ይወረውራል፣ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ በውኃው ይሄዳል፣ የቆመው አካል የሚገፋው ክንድ ሚዛኑን ይጫናል። እንግሊዞች የሞተርን ጉልበት እስከ ዛሬ «የፍሬን ፈረስ ጉልበት» የሚሉት ሚዛኑ በእርግጥም ፍሬን ስለነበር ነው።

እንግዲህ ሚዛን ኖሮም ቁጥሩ ሊጣመም እንደሚችል ያሳየው መንግሥት ራሱ ነው። እንግሊዝ ከ1910 ጀምሮ መኪናን የምትቀርጠው በፈረስ ጉልበት ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚገኘው ግን ያለ ምንም ሚዛን ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋት በኢንች ተለክቶ በራሱ ይባዛል፣ በሲሊንደሮቹ ብዛት ይባዛል፣ ለ2.5 ይካፈላል። ፒስተኑ ምን ያህል እንደሚጓዝና ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚጠይቅ አልነበረም። ፋብሪካዎቹም ቀጭንና ረጅም ሲሊንደር ያላቸውን ሞተሮች እየሠሩ ከቀረጡ አመለጡ፤ ሕጉ እስከ 1947 ሲቆይ የአገሪቱን የሞተር ቅርጽ ለወጠው። ኦስቲን ሰባት የተባለችው ታዋቂ መኪና ስሟን ያገኘችው ከዚህ ቀረጥ ነው። የኢትዮጵያን ኤክሳይዝ ታክስ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም፤ ገዢ ሲሲ ቆጥሮ መኪና የሚመርጥበት ገበያ ያን ዘመን ይመስላል። ጀርመኖቹ ደግሞ በአንድ መኪና ላይ ሦስት ቁጥር ይጽፉ ነበር። በ1921 በርሊን ላይ የታዩት ኮምፕረሰር፣ ማለትም ሱፐርቻርጀር፣ የተገጠመላቸው የመርሴዲስ መኪኖች ስማቸው በኋላ 6/25/40 እና 10/40/65 ሆነ፤ የመጀመሪያው የቀረጥ ጉልበት፣ ሁለተኛው ኮምፕረሰሩ ሳይሠራ፣ ሦስተኛው ሲሠራ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም። በአንዱ ብቻ ቢጠራ መኪናው አይታወቅም፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሁሉን ይናገራሉ።

ሱፐርቻርጀር በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። መነሻው መኪና አልነበረም። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ ወንድማማቾች በኢንዲያና ግዛት፣ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ በ1860 የባለቤትነት መብት ያወጡበት መሣሪያ፣ ሁለት እርስ በርስ የሚተቃቀፉ ማዞሪያዎች አየር የሚገፉበት ማናፊያ ነው፤ ለብረት ማቅለጫና ለማዕድን ጉድጓድ አየር ይሰጥ ነበር። መኪና ላይ ሲወጣ ሥራው ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር አስገድዶ ማጉረስ ሆነ። ብዙ አየር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሞተሩ ሳይተልቅ ጉልበቱ ይተልቃል። የእንግሊዙ ቤንትሌይ ባለ 4.5 ሊትር ሞተር 110 ፈረስ ገደማ የነበረው በሱፐርቻርጀር 175 ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ ዱሰንበርግ በ1932 ኤስጄ ለተባለው መኪናው 320 ፈረስ አስታወቀ፤ በ1957 ስቱድቤከር ጎልደን ሆክ 275፣ የፎርድ ተንደርበርድ 300 ብለው ወጡ። ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ሞተር ግን ከሌላው ሞተር በአንድ ነገር ይለያል፦ ጉልበቱ የተወሰነ አይደለም። ማናፊያውን የሚያዞረውን ችንጋ የሚሸከመው ፑሊ በትንሹ ቢቀነስ ማናፊያው ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ቁጥሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለወጥ የሚችል ሞተር ከሁሉ በላይ ሚዛን ይፈልጋል።

የመንገድ ላይ ሰው ይህንን ዕቃ ያገኘው በሎስ አንጀለስ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት። ጀነራል ሞተርስ ከ1938 ጀምሮ የሠራው ሁለት ምት ያለው ናፍጣ ሞተር ያለ ማናፊያ መተንፈስ አይችልም፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር 71 ኪዩቢክ ኢንች ስለሆነ ሦስት ሲሊንደር ያለው 3-71፣ ስድስት ያለው 6-71 ይባላል። በጦርነቱ ወታደር የሚያሳርፉ ጀልባዎችንና ከባድ መኪኖችን ያንቀሳቅሱ ነበር። ባርኒ ናቫሮ የ3-71ን ማናፊያ አውልቆ በፎርድ ቪ8 ላይ ሲገጥም፣ ከትርፍ ዕቃ ተራ የወጣ ብረት የእሽቅድምድም ዕቃ ሆነ። 6-71 የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከመኪና ኮፈን በላይ ብቅ ብሎ ለሚታይ ማናፊያ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። እነዚያ ወጣቶች ያሻሻሉት ነገር መሥራቱን የሚያውቁት በደረቁ ሐይቆች ላይ በሰዓት ቆጣሪ ሮጠው ነበር። ሰዓት ግን ነፋስን፣ ነጂንና ጎማን አንድ ላይ ያያል፤ ሞተሩን ብቻውን ለይቶ አያይም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ዲትሮይት የዋትን ልማድ ገለበጠችው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ የመኪና ማስታወቂያ ላይ ይወጣ የነበረው ቁጥር «ግሮስ» ይባላል። ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ በመቆሚያ ላይ ይታሰራል፤ አየር ማጣሪያው ይነሣል፣ ዲናሞው አይጫንበትም፣ ማርሚታው ተወልቆ ሰፊ የጢስ ቱቦ ይገጠማል፣ የእሳቱ ጊዜ እስከ ጥሩው ድረስ ይስተካከላል። በዚህ ሁኔታ የተገኘው ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ያጸደቀው ሥርዓት ነው። ነገር ግን ማንም ገዢ ያንን ሞተር ነድቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። በ1971 ጀነራል ሞተርስ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ሲያትም ርቀቱ በግልጽ ታየ፦ ኤልኤስ6 የተባለው የኮርቬት ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በግሮስ 425፣ ዕቃው ሁሉ ተገጥሞለት በሚለካው ኔት 325። ዓመቱ ያው፣ ሞተሩም ያው፤ አንድ መቶ ፈረስ ወረቀት ላይ ብቻ ይኖር ነበር።

የዚያ ዘመን መኪኖች በድንገት የደከሙት በጢስ ልቀት ሕግ ነው የሚል እምነት በአሜሪካም ከአሜሪካም ውጭ ሥር ሰዷል። ለእምነቱ መሠረት አለው፤ ፋብሪካዎቹ እርሳስ ለሌለው ቤንዚን ሲሉ የሞተሮቻቸውን የመጭመቅ ልክ ዝቅ አድርገዋል። የካዲላክ ኤልዶራዶን ቁጥር ግን በተራ እንየው። ባለ 8.2 ሊትሩ ሞተር በ1970 በግሮስ 400 ነበር። በ1971 የመጭመቂያው ልክ ሲቀንስ 365 ሆነ። በ1972 ማስታወቂያው ሁሉ ወደ ኔት ሲዞር 235 ተባለ። ከመጀመሪያው ቅናሽ 35ቱ ፈረስ በእርግጥ ከሞተሩ የሄደ ነው፤ ቀጥሎ ከሄደው 130 ውስጥ አብዛኛው ግን የአለካክ ለውጥ ነው። ሕዝቡ ሞተሩ ተዳከመ ብሎ ያዘነበት ጊዜ፣ ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እውነቱ የተጠጋበት ጊዜ ነው።

ማጋነን ብቻ አልነበረም፤ ማሳነስም ነበር። ለዚህ የማያሻማው ምስክር የ1967 ኮርቬት ነው። ለመንገድ የተሠራው ባለ ሦስት ካርቡራቶር 427 ሞተር 435 ፈረስ ተባለ፤ ለእሽቅድምድም የተሠራውና በጣም የሚበልጠው ኤል88 ደግሞ 430። ኤል88 ከ500 በላይ እንደሚያወጣ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳል። ፎርድም ባለ 428 ኮብራ ጄት ሞተሩን 335 አለው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን የኢንሹራንስ ዋጋ ይንራል። በድራግ ውድድርም መኪና የሚመደበው በክብደትና በጉልበት ንጽጽር ስለሆነ፣ ያነሰ ቁጥር የጻፈ ከደካሞች ጋር ይሰለፋል። የውድድሩ ማኅበር ይህንን ተረድቶ ለምደባ የራሱን ቁጥር ወደ መስጠት ሄደ። ማለትም ሰዓት የያዘ ዳኛ፣ ወረቀት የያዘውን ፋብሪካ አላምንህም አለው። ባለመኪናው ግን ገና ምንም መሣሪያ አልነበረውም።

ጎማን የሚመዝን ዳይኖ በራሱ አዲስ አይደለም። የካሊፎርኒያው ክሌይተን ፋብሪካ በፍሩድ የውኃ ፍሬን ዘዴ የሚሠሩ ባለ ሁለት ሮለር ዳይኖዎችን ለጋራዦች ከሸጠ ረጅም ጊዜው ነው፤ የመንግሥት የጢስ ልቀት ምርመራም በእንዲህ ዓይነት ሮለር ላይ ተደርጓል። ለውጡ የመጣው ከሞተር ሳይክል ሰፈር ነው። በሞንታና ግዛት የካርቡራቶር ማስተካከያ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ዳይኖጄት፣ ሸቀጡ በእርግጥ ጉልበት መጨመሩን ማሳየት ነበረበት። መፍትሔው ፍሬኑን ጨርሶ መተው ሆነ። ክብደቱና ቅርጹ የታወቀ ከባድ የብረት ከበሮን ጎማው ያሽከረክረዋል፤ ከበሮው በምን ፍጥነት ሩጫውን እንደጨመረ ከታወቀ የገፋው ጉልበት በሒሳብ ይወጣል። የሚስተካከል ፍሬን የለም፣ የሚንቀሳቀስ ውኃ የለም፣ ሠራተኛው ቁጥሩን የሚያዛባበት በር ጠባብ ነው፤ ከበሮው ዛሬም ነገም ያው ከበሮ ነው። በ1990ዎቹ ይህ መሣሪያ በመኪና ልክ ተሠርቶ በአሜሪካ ከተሞች ጋራዥ ሲገባ፣ ማንኛውም ባለመኪና መጠነኛ ገንዘብ ከፍሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረቀቱን ይዞ መውጣት ቻለ።

ውጤቱን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ፎርድ የ1999ን ማስታንግ ኮብራ 320 ፈረስ አለው፤ ያለፈው ዓመት 305 ነበር። ባለቤቶችና መጽሔቶች መኪናውን ከበሮ ላይ ሲያወጡት የተባለው ጭማሪ አልታየም። አንድ ወረቀት ቢሆን አለካኩ ተሳስቷል ይባል ነበር። ነገር ግን አሮጌው ኮብራም እዚያው ከበሮ ላይ ወጥቶ ስለነበር ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ቆሙ። ፎርድ በዚያው ዓመት በኦገስት ሽያጩን አቆመ፣ የተሸጡትን ጠራ፣ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዳቸውን፣ የኮምፒዩተራቸውን ማስተካከያና የጢስ ማውጫቸውን ለወጠ። በ2000 ከጥቂት የእሽቅድምድም ኮብራዎች በቀር ኮብራ አልተሠራም። ማዝዳም በ2001 ሚያታን 155 ብሎ ከሸጠ በኋላ ወደ 142 አርሞ፣ ላልተስማማው መኪናውን መልሶ ሊገዛ ቀረበ።

የ2003 ኮብራ የወጣው ከኤተን ሱፐርቻርጀር ጋር ነበር፤ 4.6 ሊትር፣ የብረት ብሎክ፣ 8 ፒኤስአይ ግፊት፣ 390 ፈረስ። ከበሮ ላይ ሲወጣ ግን በጎማው ብቻ ከ350 በላይ ያሳይ ነበር፤ ከሞተር እስከ ጎማ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚጠፋው ሲጨመርበት ፋብሪካው ከራሱ ላይ ቀንሶ ቃል እንደገባ ይገባል። የዋት ልማድ በሁለት መቶ ሃያ ዓመቱ ተመለሰ፤ የመለሰውም የነጋዴ ቸርነት ብቻ አይመስለኝም፣ ገዢው ሚዛን እንደያዘ መታወቁ ነው። በ2005 የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ሞተር ሲለካ ገለልተኛ ታዛቢ እንዲቆም የሚያደርግ የማረጋገጫ ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት ሱፐርቻርጀር ያለው ካዲላክ ኤስቲኤስ-ቪ አስቀድሞ ከተባለው 440 ወደ 469 ከፍ አለ። በተቃራኒው ዝቅ ያሉም ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ዳይኖዎች እርስ በርስ አይስማሙም። ያው መኪና በአንዱ ጋራዥ 480፣ በሌላው 440 ሊያወጣ ይችላል። ማሰሪያው ሲጠብቅ ጎማው ከበሮው ላይ ይጨመቃል፤ ማራገቢያው ደካማ ከሆነ የሱፐርቻርጀሩ አየር ይግላል፤ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ያንሳል። የተለካውን ቁጥር ወደ አንድ መደበኛ አየር የሚመልሰው ማረሚያም አንድ አይደለም፤ የቀድሞው ልክ በ15.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያስብ ሲሆን የአሁኑ በ25 ዲግሪ ያስባል፣ በሁለቱ መካከል ብቻ 4 በመቶ ገደማ ልዩነት አለ። ነገሩን ለመረዳት አዲስ አበባን ማሰብ ይበቃል። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በከተማችን ከፍታ 76 ገደማ ነው፤ በራሱ የሚተነፍስ ሞተር ሩብ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። በችንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀርም አያድነውም፤ የሚያበዛው ያገኘውን አየር ነውና በባሕር ዳርቻ 8 ፒኤስአይ የሚሰጠው እዚህ 6 ገደማ ይሰጣል። ማረሚያው ይህንን ክፍተት በወረቀት ሲሞላው፣ የተጻፈው ጉልበት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አይገኝም።

ተቃውሞው እውነት ነው፤ ክርክሬን ግን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የሚፈርሰው ብቻውን የቆመ ቁጥር ነው። ያው ከበሮ፣ ያው ማሰሪያ፣ ያው ማርሽ፣ ያው ማረሚያ ሆኖ በጠዋት 440 ያለ መኪና፣ ፑሊው ተቀይሮ ከሰዓት 478 ቢል፣ 38ቱ ፈረስ የሚታመን ነው፤ 440ውም 478ቱም እያንዳንዳቸው ቢሳሳቱ እንኳ። እንዲያውም ቁጥሩን ብቻውን ለማቆም የሚደረገው ጥረት ምን ያህል እንደሚያስት ለማየት «የ15 በመቶ» ሕግን መመርመር ጥሩ ነው። ብዙዎች በጎማ የተለካውን ለ0.85 አካፍለው የሞተሩን ጉልበት አገኘን ይላሉ። በጎማው 700 ያወጣ መኪና በዚህ ስሌት 824 ገደማ ይሆናል፤ 124 ፈረስ፣ ማለትም 92 ኪሎዋት ገደማ፣ መንገድ ላይ ጠፋ ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በካምቢዮና በዲፈረንሻል ውስጥ ከ25 የማያንስ ምጣድ ተጥዷል እንደማለት ነው። ከፊሉ ጎማንና ዘንግን ለማፋጠን ቢውልም፣ ይህን ያህል ሙቀት የሚችል የማርሽ ዘይት የለም። ጥርስና ኩሽኔታ የሚበሉት ድርሻ ሞተሩ ባደገ ልክ አያድግም፤ ስለዚህ ጉልበቱ በተለቀ ቁጥር ስሌቱ ይበልጥ ያጋንናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእሽቅድምድም ሰዎች ነው፤ መኪና የሚሠራው ለመንገድ ስለሆነ ሚዛኑም መንገድ ነው ይላሉ። ከበሮ ላይ 700 አውጥቶ አስፋልት ላይ ጎማውን ከማቃጠል የማያልፍ መኪና ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና የዳይኖ ንግሥት ይባላል። ይህንን የሚክድ የለም። ነገር ግን መንገድ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው። ሱፐርቻርጀር በተጫነው ሞተር ውስጥ አየርና ነዳጅ ሳይመጣጠኑ ቀርተው ነዳጁ ካነሰ፣ ድብልቁ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተን ለመበሳት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። በሙሉ ግፊት ላይ አስተካካዮች ከ11.5 እስከ 12 እጥፍ የሚሆን አየር ለአንድ ነዳጅ የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ በተለመደው መንዳት 14.7 ነው። ይህንን መስመር በእያንዳንዱ ዙር ላይ እያዩ ሰው ላይ አደጋ ሳያደርሱ ማስተካከል የሚቻለው ታስሮ የቆመ መኪና ላይ ነው። ይህን በሕዝብ መንገድ ላይ ሙሉ ነዳጅ ረግጦ የሚሞክር ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን እግረኛውን ይወራረድበታል።

ሦስተኛው ወቀሳ፣ ዳይኖ ጉልበትን ወደ ትዕይንትና ወደ ፉክክር አወረደው የሚለው፣ ለእኔ ደካማው ነው። ፉክክሩ ከዳይኖ በፊት በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ነበር፤ ያኔ ግን ማንም ሊመረምረው አይችልም ነበር። ዶጅ የ2015ቱን ሄልካት 707 ፈረስ ብሎ ሲያወጣ፣ ሱፐርቻርጀሩን ለማዞር ብቻ 80 ፈረስ ገደማ እንደሚበላ ራሱ ተናግሯል። ሻጭ የሚበላውን ጭምር የሚናገርበት ገበያ፣ አየር ማጣሪያ አውልቆ ከሚመዝንበት ገበያ የተሻለ ነው።

በመኪናዎ ላይ ሱፐርቻርጀር ሊያስገጥሙ ያሰቡ፣ ወይም የተሠራ መኪና በቁጥሩ ሊገዙ የቀረቡ አንባቢ፣ አንድ የዳይኖ ወረቀት ብቻ አይቀበሉ። ዕቃው ከመገጠሙ በፊት በዚያው ከበሮ ላይ የወጣውን ወረቀት አብረው ይጠይቁ፤ በሁለቱም ላይ ማረሚያው፣ ማርሹና የአየርና የነዳጁ መስመር ተጽፎ መሆኑን ይዩ፤ የበፊቱ ወረቀት ከሌለ ዋጋውን በአንዱ ቁጥር ብቻ አይክፈሉ።